ሪስታርት የሌለው ኩርባ

ጨዋታ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው በቀርቀሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በሩ ላይ ጆተኒ ቆሟል፤ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥኖች፣ በየቴሌቪዥኑ ፊት አንድ አንድ አግዳሚ ወንበር። በሁለቱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሕጉ በአገሩ ሁሉ የታወቀው ሕግ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ተራ የሚጠብቀው ይጮኻል። ሦስተኛው ቴሌቪዥን ጥግ ላይ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ልጅ ቀን ቀን አሶሳ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ ባጃጁን ለባለቤቱ አስረክቦ ይመጣና መኪና ይነዳል። አንድ ዙር፣ ደግሞ ያንኑ ዙር፣ ደግሞ ያንኑ። የሚፎካከረው ከሰዓት ጋር ስለሆነ ተሸንፎ የሚከፍልለት ሰው የለም። ሁልጊዜ ከፋዩ እሱ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። ደቂቃ፣ ሴኮንድ፣ የሴኮንድ ሽራፊ። አንዱ ተሰርዞ ከሥሩ ያነሰ ቁጥር ተጽፏል፤ እሱም ተሰርዞ ከሥሩ ሌላ። ለምን እንደ ጓደኞቹ ኳስ እንደማይጫወት ጠየቅሁት። ዓይኑን ሳያነሳ መለሰልኝ።

«ኳስ ላይ ሌላው ሲሳሳት አሸንፋለሁ። እዚህ የሚሳሳተው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ ጋሼ።»

ማሽኑ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 3 ነው። ጨዋታው የግራን ቱሪስሞ አምስተኛ እትም። መንገዱ ጀርመን አገር ያለው ኑርበርግሪንግ፣ ሰሜናዊው ዙር የሚባለው፤ 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በጫካና በኮረብታ መካከል ከ70 በላይ ኩርባ የሚቆጠርበት። ልጁ ኩርባዎቹን በስም አያውቃቸውም። በገላ ግን ያውቃቸዋል፤ ኩርባው ቴሌቪዥኑ ላይ ከመታየቱ በፊት ትከሻው ወደዚያ ያጋድላል። መኪናው ከመንገድ ሲወጣ ደግሞ አውራ ጣቱ ከዓይኑ ይቀድማል፤ ሪስታርቱን ተጭኖ እንደገና ይነሳል።

ዕድሜውን ነገረኝ። አሥራ ዘጠኝ። ስለ አንድ ሌላ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልነግረው የወደድኩት ያኔ ነው። እየተናገርኩ ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው፤ ድምፃችን ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ መብራቱም ሄደ። የኳስ ተጫዋቾቹ በአንድ አፍ ጮኹ፤ ባለቤቱ ሻማ ፍለጋ ገባ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ ነበረኝ፣ ባትሪው ሙሉ፤ ስለዚያ ልጅ የተሠራው ፊልምም ነበረኝ፤ ከፈትኩት።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ግራን ቱሪስሞ» ስሙን ከጨዋታው የወሰደ ፊልም ነው። የሚተርከው ግን የሰው ታሪክ ነው፣ የያን ማርደንቦሮን። ማርደንቦሮ እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ አገር ዳርሊንግተን ተወልዶ ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ያደገ ጥቁር እንግሊዛዊ ነው። አባቱ ስቲቭ በእንግሊዝ ክለቦች የተጫወተ እግር ኳሰኛ ነበር። ልጁ ፍላጎቱ መኪና ነው። የመኪና እሽቅድምድም ደግሞ በፍላጎት የሚገባበት ስፖርት አይደለም። ዛሬ ፎርሙላ ዋን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ካርት በምትባለው ትንሽ መኪና የጀመሩ ናቸው፤ ጎማው፣ ነዳጁ፣ መካኒኩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረገው ጉዞ ሁሉ ከወላጅ ኪስ ይወጣል። የማርደንቦሮ ቤት ያንን አልቻለም። ልጁ መኝታ ክፍሉ ገብቶ ጨዋታውን ያዘ።

ጨዋታውን የሠራው ጃፓናዊው ካዙኖሪ ያማውቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያውን እትም ሲያወጣ ያሰበው እውነተኛ መኪና እውነተኛ መንገድ ላይ የሚያሳየውን ጠባይ በሒሳብ ማስመሰል ነበር፤ ክብደቱ ወዴት ይሄዳል፣ ጎማው መቼ ይለቃል፣ ፍሬኑ ስንት ሜትር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒሳንና ሶኒ አንድ ድፍረት አደረጉ። በዚህ ጨዋታ ፈጣን የሆነ ሰው በእውነተኛ መኪና ምን ያህል ይሄዳል? ጂቲ አካዳሚ ብለው ውድድር ከፈቱ፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኜዝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 90,000 የሚጠጋ ተጫዋች ተወዳደረ። ያ ሁሉ ሕዝብ በሴኮንድ ሽራፊ እየተጣራ ሄዶ የቀሩት ጥቂቶች እንግሊዝ ሲልቨርስቶን ላይ እውነተኛ መሪ ጨበጡ። ከእነሱም አንድ ቀረ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ማርደንቦሮ።

(ያ ዓመት በእኛ ክልል፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የሚረሳ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው በዚያው ዓመት ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ያኔ ገና ሕፃን ነበር።)

እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ማርደንቦሮ ዱባይ ላይ የ24 ሰዓት ውድድር ነድቶ ከቡድን ጓደኞቹ ጋር በምድቡ ሦስተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳይ ለማን ላይ ቀረበ፤ ያም 24 ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰው በአንድ መኪና እየተፈራረቀ ቀንና ሌሊት ይነዳል። ኤልኤምፒ 2 በሚባለው ምድብ ሦስተኛ። ከሁለት ዓመት በፊት የካርዲፍ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበር።

አንድ ጨዋታ እንዴት ነጂ ያወጣል? ይህን ጥያቄ ስንቱ በንቀት እንደሚጠይቀው አውቃለሁ፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱን ያቀለለልኝ ባጃጅ ነው።

ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ባለሦስት ጎማዋ በፍጥነት ስትታጠፍ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ሊነሳ ይዳዳዋል። ጎበዝ ሹፌር ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን አይዝም፤ ቀድሞ ያበርዳል፣ ከዚያ ይታጠፋል፣ ሲቃና ይረግጣል። ምክንያቱ ጎማው ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚይዝበት ጉልበት የተወሰነ ነው፤ እንደ አንድ እንጀራ ነው፣ ለፍሬን ከቆረስክለት ለመታጠፊያ የሚቀረው ያንሳል። ሁለቱንም ሙሉ ሙሉውን ልስጥ ያለ ይንሸራተታል። የእሽቅድምድም ጥበብ ሲጨመቅ ይኸው ማካፈል ነው፤ ፍሬኑን እየለቀቁ በለቀቁት መጠን መሪውን እያዞሩ ጎማው ካለው ጉልበት ምንም ሳያስተርፉ መሄድ። ወደ ኩርባው ከመንገዱ ውጫዊ ጠርዝ ገብቶ፣ የውስጡን ጠርዝ ነክቶ፣ ተመልሶ ወደ ውጭ መውጣት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ኩርባው ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ኩርባ ከጎማው የሚጠይቀው ትንሽ ነው።

ይህን ሁሉ ጨዋታው ያስተምራል። የት ፍሬን እንደሚያዝ፣ ዓይን ከኮፈኑ ፊት ሳይሆን ከሚመጣው ኩርባ ላይ እንዲያርፍ፣ መኪናው ሲንሸራተት እጅ ሳይደነግጥ እንዲመልሰው። ከሁሉ በላይ መደጋገምን በርካሽ ይሰጣል። በእውነተኛ መኪና አንድ ኩርባ ሺህ ጊዜ መሳሳት ሺህ ጎማ፣ ብዙ መኪና፣ ምናልባትም ሕይወት ያስከፍላል። እዚህ ጥግ ላይ የሚያስከፍለው የጨዋታ ቤት ሒሳብ ነው።

የማያስተምረው ደግሞ አለ። አንገትን ወደ ጎን የሚጎትተውን ኃይል፣ መኪናው ውስጥ ያለውን ሙቀት፣ ጀርባ ከመቀመጫው የሚሰማውን ንዝረት አያስተምርም። ፍርሃትንም አያስተምርም። ፊልሙ ይህን ክፍል በቅንነት ነው የያዘው። ልጆቹ ከሶፋ ተነስተው መጥተው ሲሮጡ ያስመልሳቸዋል፤ መካኒኮቹ ይንቋቸዋል፤ አሠልጣኙ ጃክ ሳልተር፣ ዴቪድ ሃርበር የተጫወተው ለፊልሙ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ፣ አንዱም እንደማይዘልቅ ፊት ለፊት ይነግራቸዋል። የመካኒኮቹ ነገር ሲመጣ እኔ በእኛው ክልል የሚኖሩትን የቤርታዎቹን የነፋስ መሣሪያ አሰብኩ። ሰርግና በዓል ላይ ተሰልፈው ሲነፉ እያንዳንዱ የያዘው መሣሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚወጣው አንዱ የሌላውን ተራ ጠብቆ ሲያስገባ ነው። ጎማ ቀያሪው፣ ነዳጅ ቀጂው፣ በሬዲዮ የሚናገረው፣ የሚነዳው እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሌላውን ካላመነ ዜማ የለም። ፊልሙ ውስጥ ልጁ የተፈተነው ከመሪው ይልቅ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዳይሬክተሩ ኒል ብሎምካምፕ ደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የተወለደ ነው። አባትየውን የተጫወተው ቤኒን የተወለደው ጂሞን ሁንሱ ነው፤ ልጅየው አርቺ ማዴክዌ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ስሰማው የገረመኝ፦ አደገኛዎቹን የመንዳት ትዕይንቶች ማዴክዌን ተክቶ የነዳው ራሱ ማርደንቦሮ ነው። የራሱን ታሪክ ሌላ ሰው ሲተውንለት እሱ የተዋናዩ ተለዋጭ ሆነ።

ልጁ ይህን ሲሰማ ሳቀ። አባትየው ልጁን በማሰናከሉ የሚጸጸትበት ጋ ሲደርስ ግን አልሳቀም። ከኋላችን የቆሙት ኳስ ተጫዋቾችም ዝም ብለው ነበር። እናቱ ባጃጁንም ጨዋታውንም እኩል እንደማትወድ ነግሮኛል። ቤተሰቡ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ወደ አሶሳ ከሰፈሩት ነው፤ አያቱ መሬት ተሰጥቷቸው ማሽላ የዘሩ፣ ማንጎ የተከሉ ሰው ናቸው። ባዶ እጃቸውን መጥተው ከዜሮ ለጀመሩ ሰዎች ልጃቸው ቴሌቪዥን ላይ መኪና ሲያሽከረክር ማየት ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

ከዚያ ኩርባው መጣ።

መኪናው በጫካው መካከል ሽቅብ ሲወጣ ልጁ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ይቺን ቦታ አውቃታለሁ» አለ። ፍሉግፕላትዝ ትባላለች፤ በጀርመንኛ የአውሮፕላን ማረፊያ ማለት ነው። መንገዱ ጉብታ ይወጣና ድንገት ይወርዳል፤ በፍጥነት የመጣ መኪና እዚያ ጫፍ ላይ ይቀላል፣ አፍንጫው ይነሳል። ልጁ እጁ ውስጥ ጆይስቲክ ሳይኖር ጣቱን ከነዳጁ አነሳ። መኪናው ተነሳ፣ ተገለበጠ፣ አጥሩን አልፎ ሕዝቡ ውስጥ ገባ።

የልጁ አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ያ አደጋ እውነት ነው። የደረሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2015 ነው። ውድድር ሊያይ የመጣ አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎች ቆሰሉ፤ ማርደንቦሮ ተረፈ። እዚህ ላይ ከፊልሙ ጋር እጣላለሁ። ፊልሙ አደጋውን ከለማን በፊት አስቀምጦታል፤ ሞቱ ጀግናው የሚሰበርበት፣ ከዚያም ተነስቶ ለማን ላይ የሚድንበት ደረጃ ሆነ። በእውነቱ ለማን እ.ኤ.አ. በ2013 አልፏል፤ አደጋው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከኋላው የሚያጽናና ድል አልተሰለፈም። ማርደንቦሮ ራሱ አደጋው ከታሪኩ እንዳይቀር እንደፈለገ በይፋ ተናግሯል፤ ያንን አከብራለሁ፤ የሕይወቱ ክፍል ነውና ቢደበቅ ውሸት ይሆን ነበር። የኔ ቅሬታ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የለማኑን ቡድን ሦስቱንም ከጨዋታ የወጡ ልጆች ማድረጋቸው፣ በእውነቱ ግን አብረውት የነበሩት ኦርዶኜዝና ልምድ ያለው ጀርመናዊው ሚካኤል ክሩም መሆናቸው ለፊልም ሲባል የሚታለፍ ነው። የሞተን ሰው ዓመቱን አንስቶ ለሌላው ድል መንደርደሪያ ማድረግ ግን የሚታለፍ አይመስለኝም። ያ ሰው ቤት ነበረው። ጠዋት ተነስቶ ቡና ጠጥቶ ይሆናል፣ ውድድር ላይ ሊውል የወጣ።

ልጁን ጠየቅሁት። «አበበ ቢቂላ መኪና እንደነበረው ታውቃለህ?»

በባዶ እግሩ ሮምን መሮጡን ያውቃል። እ.ኤ.አ. 1960፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ቶኪዮንም ያውቃል። መኪናውን አያውቅም። ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1969 አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ ተገለበጠ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዳግመኛ አልተራመደም። እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ እዚያው በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ፤ ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚሳብ የበረዶ ጋሪ ተወዳደረ፣ አሸነፈም። እ.ኤ.አ. በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል «አትሌቱ» ብለው እ.ኤ.አ. በ2009 የሠሩት ፊልም የያዘው ይህን ነው። ራሴላስ ራሱ አበበን ሆኖ ተውኗል። ያ ፊልም አደጋውን አንስቶ ከሮም በፊት ማስቀመጥ አይችልም ነበር፤ የአበበን ቅደም ተከተል ያወቀው ሁሉ ይነሳበት ነበር። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ መሮጥ የማይችል ሯጭ ምን ይሆናል የሚለውን ጠየቀ። ለእኔ ከሁለቱ ፊልሞች ትልቁ እሱ ነው፣ ምንም እንኳ አሶሳ ጨዋታ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሰው አስቀምጦ የሚያቆየው ያኛው ቢሆንም።

ዝናቡ ቆመ። መብራቱ አልመጣም። ልጁ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች በስልኩ መብራት እያየ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ያኔ ማርደንቦሮን ማን አየው?

ማንም አላየውም፤ ሰዓቱን ግን አነበቡለት። ይህ ይመስለኛል የጠቅላላው ታሪክ ፍሬ። ከእነዚያ 90,000 ውስጥ የማን አባት ምን እንዳለው ሰዓቱ አያውቅም ነበር። በቆጂ ላይ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ያደረጉት ሌላ ነገር አልነበረም፤ የትምህርት ቤት ልጆች በሚሮጡበት ሜዳ ዳር ሰዓት ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ሜዳ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ወጡ። ከእኛም ክልል የወጣ አለ። ሳላዲን ሰዒድ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተነስቶ በሙገር ሲሚንቶ አድርጎ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገባ፤ ከዚያ ግብፅ፣ ከዚያ ቤልጂየም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ከሁለቱ ግቦች አንዷ የእሱ ናት። ኳስ መሰላል አለው፤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ክለብ። መሰላሉ ያረጀ፣ ብዙው ደረጃ የተሰበረ ነው፤ ግን አለ።

ለመኪና እሽቅድምድም አሶሳ ላይ የመጀመሪያው ደረጃ የለም። አፍሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ የደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ውድድር ወዲህ ፎርሙላ ዋን አላስተናገደችም። እዚህ ደግሞ መንገድ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጸጥታ ችግር መንገዱ የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ የቻለ በአውሮፕላን፣ ያልቻለ በጸሎት የተጓዘባቸው። በዚያ ዘመን ጎረምሳ የሆነ ልጅ ኑርበርግሪንግን ከነቀምት መንገድ በላይ ቢያውቀው አይፈረድበትም።

ጂቲ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ቆሟል፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም። ቱርካዊው ጄም ቦሉክባሺ ከኮምፒውተር ውድድር ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ፎርሙላ 2 ላይ ነድቷል። ዛሬም በኢንተርኔት የሚደረጉ ውድድሮች አሉ፤ ፈጣን ልጅ የሚታይባቸው፣ ሰዓት የሚነበብባቸው። ይህን ስነግረው ልጁ ስልኩን ያዘ። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ ገጹ እስኪከፈት ሁለታችንም ጠበቅን። የሶኒ አካውንት መክፈቻው ስም ጠየቀው፣ ጻፈ። የትውልድ ቀን ጠየቀው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አስልተን ጻፍን። ከዚያ አገር ምረጥ አለው።

ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የተቀመጠው። በጣቱ ወደ ታች ሳበው። ዴንማርክ። ኢኳዶር። ኤል ሳልቫዶር። ፊንላንድ። ያለፈው መስሎት ወደ ላይ መለሰው፣ ቀስ ብሎ እንደገና አወረደው። ኢኳዶር። ኤል ሳልቫዶር። ፊንላንድ።

ሌሎች እንዴት እንደሚያደርጉ ሰምቷል፤ የሌላ አገር ይመርጡና ይገባሉ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ እንዳቆመ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ የየት አገር ሰው ልሁን?»